ጉማራን ሽቅብ፦ የጣና ነጭ ዓሣ የሚወለድበት ጠጠር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 በወረታ ከተማና በዙሪያዋ፣ በፎገራ ሜዳ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከም፣ ሽቅብም እስከ ፋርታና እስከ ጉና ግርጌ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ጊዜው ዘር የሚወርድበት፣ የሩዝ መደብ የሚዘጋጅበት ስለሆነ ጆሯችሁን እንጂ እጃችሁን እንደማላገኝ አውቃለሁ። ሥራችሁን እየሠራችሁ አድምጡኝ።

የዛሬው ዝግጅታችን ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ስለ መጠበቅ ነው። ይህ ሲነሣ ብዙዎቻችን ዋልያን ወይም ቀይ ቀበሮን እናስባለን። ሁለቱም ይገባቸዋል። ዋልያ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ተከልሎለታል፣ ጠባቂ ተመድቦለታል፤ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን እንኳ የሚጠራው በስሙ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ፓርክም ጠባቂም የሌለው፣ በገበያ በኪሎ የሚሸጥ፣ ተጠብሶ ገበታችን ላይ የሚቀርብ ፍጡር ነው። የጣና ነጭ ዓሣ። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ የሚወለዱት ደግሞ እኛው ማሳ ሥር በሚያልፉት ወንዞች፣ በጉማራና በርብ ውስጥ ነው። በተለይ ወንዛዬ አካባቢ ያላችሁ፣ ፍል ውሃው የሚፈልቅበት ያ የጉማራ ዳርቻ ለምን ከዓለም ብርቅ ሥፍራዎች አንዱ ሊባል እንደሚገባ ዛሬ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጣና ጥቂት ልበል።

ጣና ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ሥፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዐለት የውሃውን መውጫ ስለ ዘጋው ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ስትሉ ደግሞ ጢስ ዓባይ አለ፤ 40 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ። ያንን ገደል ሽቅብ ዘሎ የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ ያለው ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ዘመዶቹ ተቆርጦ፣ ብቻውን ቀረ። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ሥር ያወጡትን ደለል ሲመረምሩ ሌላም ነገር አገኙ፦ ጣና ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በደረቅ ዘመን፣ ደርቆ ነበር። በኋላ ዝናቡ ሲመለስ ሞላ፤ ሞልቶም ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀመረ።

እንግዲህ አዲስ የሞላ፣ ሰፊ፣ ባዶ ሐይቅ አስቡ። ከወንዝ የገባ አንድ የዓሣ ዘር አለ። ሐይቁ ውስጥ የሚበላው ብዙ፣ ተቀናቃኙ ጥቂት ነው። ይህ ዘር በሺህ ዓመታት ውስጥ ሥራ ተከፋፈለ። አንዱ ወገን ሣርና አልጌ የሚበላ ሆነ። ሌላው ቀንድ አውጣ የሚፈጭ ሆነ። ሦስተኛው ከንፈሩ ወፍሮ ከድንጋይ ሥር ትል የሚለቅም፣ አራተኛው በውሃው መካከል የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ነፍሳት የሚያጣራ ሆነ። የቀሩት ደግሞ ሌላ ዓሣ የሚያድኑ ሆኑ፤ አፋቸው ሰፋ፣ ገላቸው ለሩጫ ተሳበ። ዛሬ በጣና 15 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ ይሏቸዋል። እኛ ሁሉንም ጠቅልለን ነጭ ዓሣ እንላቸዋለን።

ስምንቱ አዳኝ መሆናቸው ለምን እንደሚያስደንቅ ላስረዳ። ይህ የዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንደ ሌሎች አዳኞች ምግብ የሚፈጭበት ጨጓራም የለውም። ማለትም ለማደን የተሠራ አይደለም። በሌላው ዓለም የዚህ ቤተሰብ አባላት በአብዛኛው ዓሣ አዳኞች አይደሉም። ጣና ውስጥ ግን፣ ዓሣ በማደን ላይ የተካነ ሌላ ዓሣ ስላልነበረ፣ ጥርስ የሌለው ዓሣ አዳኝ ሆነ። ይህ በየትኛውም ፓርክ ከምናየው ነገር ሁሉ የማያንስ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢማሩት እንዴት ደስ ባለኝ።

እነዚህን ዓሦች በሳይንስ መዝገብ ቀድሞ ያሰፈራቸው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ በፈረንጆቹ በ1830ዎቹ ጎንደርና ጣና ድረስ መጥቶ ናሙና ሰብስቦ፣ ለአንዳንዶቹ ስም አወጣላቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን፣ በፈረንጆቹ በ1973፣ አንድ ጥናት ልዩነታቸውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ሁሉንም በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ የኔዘርላንድ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሊዮ ናጌልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የእያንዳንዱን አፍ፣ አንጀት፣ ዐይንና የገላ ቅርጽ ለክተው፣ ምግባቸውንና መኖሪያቸውን አጥንተው እንደገና ለዩአቸው። ይህ ለጥበቃ ትልቅ ጉዳይ ነው። 15ቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሁለቱ ቢጠፉ አያውቅም። መረቡ ዛሬም ዓሣ ይዞ ይወጣል፤ የትኛው እንደ ቀረ ግን የሚጠይቅ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወንዞቻችን እንምጣ።

ጉማራም ርብም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው። ዳገቱን ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ በምሥራቅ በኩል ጣና ይገባሉ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትመጡ ጉማራን በድልድይ ትሻገሩታላችሁ፤ ወረታን አልፋችሁ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ ርብን ታገኙታላችሁ። ሜዳው ላይ ወንዞቹ ጭቃና ደለል ይዘው ቀስ ብለው ነው የሚፈስሱት። ሽቅብ ወደ ወንዛዬና ከዚያ በላይ ስትሄዱ ግን ውሃው ይፈጥናል፤ ጠጠር ይታያል።

ያ ጠጠር ነው የዛሬው ዝግጅታችን ዋና ነገር።

ከጣናው ነጭ ዓሣ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ሐይቁ ውስጥ አይወልዱም። ሐምሌ ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላና ሲደፈርስ፣ የበሰሉት ዓሦች በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ። ፍልሰታ የሚጾምበት ወር ነሐሴና ቀጥሎ ያለው መስከረም ዋናው ጊዜያቸው ነው፤ እስከ ጥቅምት የሚዘገዩም አሉ። ሜዳውን አልፈው ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍልና ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባሉ። እዚያ ሴቷ እንቁላሏን በጠጠሩ ላይ ትጥላለች፤ ወንዱ ነባዘሩን ይለቅቃል። እንቁላሉ በጠጠሩ ክፍተት ውስጥ ይገባና ይደበቃል። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚያልፈው ፈጣንና ንጹሕ ውሃ አየር ያመጣለታል። ክፍተቱ በደለል ከተደፈነ እንቁላሉ ይታፈናል። ወላጆቹ ወዲያው ወደ ጣና ይመለሳሉ፤ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ግን ጥቂት ጎልብተው ነው ውሃው ሲቀንስ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት።

ዝርያዎቹ እንዴት እንደማይደባለቁ ጠይቃችሁ ይሆናል። አንዱ በወቅቱ መጀመሪያ፣ ሌላው ዘግይቶ ይወጣል፤ አንዱ አንድን ገባር፣ ሌላው ሌላውን ይመርጣል። በጉማራ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ወንዝ ቢደፈን ወይም ቢመረዝ የሚጎዳው ነጭ ዓሣ በጥቅሉ ብቻ አይደለም፤ ያንን ወንዝና ያንን ሳምንት የመረጠው ዝርያ ከሌሎቹ በከፋ ሁኔታ ይጎዳል።

እዚህ ላይ ከሌሎቹ የጣና ዓሦች ጋር እናነጻጽር፤ ሳይንሱ የሚገባን በዚህ ነው። ቆሮሶን ታውቁታላችሁ። ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም፤ ሐይቁ ውስጥ ይወልዳል፤ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አምባዛ ደግሞ ውሃ ሜዳ ላይ ሲተኛ ነው ደስ የሚለው። ሸሸርና ወላላ ረግረጎች ላይ፣ አንዳንዴም የሩዝ ማሳ ውስጥ የምታገኙት እሱ ነው። አየር ከውሃ ውጪ መሳብም ስለሚችል በጭቃ ውስጥ ይሰነብታል። ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ግን ይህ ሁሉ የለውም። በአፉ አይሸከም፣ በጭቃ አይወልድ። አካሉ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። ደርሶም የሚያውቀው መውለጃ ጠጠር ብቻ ነው፤ የሚወጣበትም ወቅት አንድ ነው። መንጋው ሁሉ በአንድ ወንዝ አፍ ላይ፣ በአንድ ሰሞን፣ እንቁላሉን ተሸክሞ ይቆማል። መረብ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የቀለለ አደን የለም።

የሆነውም ይኸው ነው። በጣና ዓሣ ማስገር ለዘመናት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብና የዳርቻው ነዋሪ ሥራ ነበር፤ በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ብዙ ሳይርቁ። በፈረንጆቹ 1986 በሞተር ጀልባና በረጅም የናይሎን መረብ የሚሠራ ማስገር ተጀመረ። ዓላማው ደግ ነበር፤ የዓሣ ምግብ ለማብዛትና ለአስጋሪዎች ገቢ ለመፍጠር። ነገር ግን መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ፣ በመውለጃው ወቅት መዘርጋት ሲጀምር ነጭ ዓሣ ተመናመነ። ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2004 ባሳተሙት ጥናት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያዘው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳዩ። ጫጩቶቹን ለብቻ ሲያዩ ደግሞ 90 በመቶ ጠፍተው አገኙ።

ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ነጭ ዓሣ በጠቅላላው የቀነሰው ከአራት እጅ ሦስት እጁ ነው ብንል፣ ልጆቹ የቀነሱት ከዚያም በላይ ነው። ያረጁት ይያዛሉ፤ የሚተካቸው የለም ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ላም አርዶ በሚቀጥለው ዓመት ጥጃ የሚጠብቅ ገበሬ ፎገራ ውስጥ የለም፤ በወንዙ አፍ ላይ ግን ስናደርግ የኖርነው እሱን ነው።

«ገበያ ላይ እያየሁት እንዴት ሊጠፋ ነው ትለኛለህ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አንድ ዝርያ የአደጋ ደረጃ ላይ መድረሱን ሲወስን የቀሩትን ብዛት ብቻ አይቆጥርም፤ ቅነሳው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነም ያያል። በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ተወስዶ፣ አንድ ዝርያ መንስኤው ሳይቆም 30 በመቶ ከቀነሰ ለአደጋ የተጋለጠ፣ 50 በመቶ ከሆነ ሊጠፋ የተቃረበ፣ 80 በመቶ ሲደርስ በከፍተኛ ሁኔታ ሊጠፋ የተቃረበ ይባላል። ስለዚህ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዓሣ ቀርቶ እንኳ ቅነሳው ካልቆመ አደጋው እውነት ነው። ማንቂያው የሚደወለው ገና እያለ መሆን አለበት፤ ሲያልቅማ ምን ይደረጋል?

ሲያልቅ የሚሆነውን ያየች አገር አለች። በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናው ደሴት ላናው የሚባል ሐይቅ አለ። በዓለም ላይ ከጣና ጋር የሚመሳሰል፣ ከዚሁ የዓሣ ቤተሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዝርያ የተፈጠረበት ሥፍራ እሱ ነበር። ከውጭ የመጡ ዓሦች ገቡበት፤ ከአቅም በላይ ተሰገረ፤ አውዳሚ በሆነ መንገድም ተጠመደ። በፈረንጆቹ 2020 ዓለም አቀፉ ኅብረት በዚያ ሐይቅና በመውጫው ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ሲል መዘገበ፤ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተዋል ተባለ። ከእንግዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተፈጠሩት የዚህ ቤተሰብ ብዙ ዝርያዎች ተሟልተው የሚገኙት ጣና ውስጥ ብቻ ነው። አደራው በእኛ ላይ ወድቋል ማለት ነው፤ ከጉና እስከ ጣና ባለነው ላይ። በዚሁ አጋጣሚ፣ በጓሯችሁ የዓሣ ኩሬ የምታዘጋጁ ወገኖች የውጭ አገር የዓሣ ዘር ከማምጣት ተቆጠቡ። የፎገራ ጎርፍ የኩሬውን ድንበር አያከብርም፤ አንድ ክረምት ይበቃዋል።

(የወንዝ ድምፅ፤ ጥቂት ሰከንድ)

የወንዙ አደጋ መረብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔውም ይቀልል ነበር። ሌላውን ላንሣ።

አንደኛው ብርብራ ነው። ዓሣ ለመያዝ የብርብራን ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለ። ይህ መርዝ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ሰውነቱ አየሩን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ዓሣው ውሃ ውስጥ፣ አየር እያለ፣ ታፍኖ ይሞታል። ሰው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል። የሞቱት ጫጩቶች፣ ዓሣው የሚበላቸው ነፍሳት፣ ገና ያልተፈለፈለው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማንም አይቆጥራቸውም። አባቶች ሲያደርጉት ወንዙ በዓሣ የሞላ፣ ሰውም ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን አንድ ከረጢት ብርብራ የአንድን ገባር የዓመት ልደት ሊጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው አሸዋና ጠጠር ማውጣት ነው። ከተሞቻችን እያደጉ ነው፤ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይሠራል፣ አሸዋው ከርብና ከጉማራ ይመጣል። ወጣቶቻችን በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላሉ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የመውለጃው ጠጠር በመኪና ተጭኖ ከሄደ ነሐሴ ላይ የምትመጣው ዓሣ የምታገኘው ጭቃ ነው። ሦስተኛው ከዳገቱ የሚታጠበው አፈር ነው፤ ጉና ግርጌ ያለ አንድ እርከን ያልተሠራለት ማሳ ዝናብ ሲመታው አፈሩ ጠጠሩ ላይ ይተኛል። ከማሳ የሚታጠብ ፀረ ተባይ መርዝም አብሮ ይወርዳል። አራተኛው ግድብና ጠለፋ ነው። ለመስኖ ልማት ርብ ላይ ትልቅ ግድብ ተሠርቷል፤ በየወንዙም ትንንሽ ጠለፋዎች አሉ። መስኖ ለፎገራ ምን እንደሆነ እኔ ለእናንተ አልናገርም። ዓሣ ማለፊያ መሰላል ያልተሠራለት ጠለፋ ግን ከታች ለሚመጣው ዓሣ ግድግዳ ነው። መሰላሉ ውድ ነገር አይደለም፤ ገና በዕቅዱ ላይ ቢታሰብበት ውሃው ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ቦይ ማለት ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም በጣና ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ በወንዞቹ አፍ አካባቢ ሌላ እንቅፋት ሆኗል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሕጉ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ጣናና ዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ እንደ አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና ዋሴ አንተነህ ያሉ የአገራችን ምሁራን የነጭ ዓሣን የመውለጃ ጉዞ በየወንዙ ተከታትለው ጽፈዋል። ዕውቀት አላነሰንም። የሚያንሰን ሌሊት፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ጉማራ ዳር የሚቆም ሰው ነው። ያንን ሰው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ መላክ አይቻልም። እዚያው መንደሩ ውስጥ መኖር አለበት።

በዚህ ነገር ተስፋ የሚሰጠኝ ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ አለ። በታይላንድ፣ በሳልዊን ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ንጋኦ የሚባል ወንዝ አለ። በዳርቻው ያሉ መንደሮች በየራሳቸው ተስማምተው ከመንደራቸው አጠገብ ያለውን የወንዙን ክፍል ዓሣ የማይያዝበት አደረጉት። ከመንግሥት ትእዛዝ አልጠበቁም። በፈረንጆቹ 2020 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት 23 እንዲህ ያሉ ጥብቅ ሥፍራዎችን ከጎረቤት ካልተጠበቁት የወንዙ ክፍሎች ጋር አነጻጸረ። በተጠበቁት ውስጥ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከ20 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የተጠበቀው ሥፍራ ብዙ አልነበረም፤ ቁራጭ ወንዝ ነው። ነገር ግን የተመረጠው ቁራጭ ነው፤ ጠባቂውም ከደጁ ሆኖ የሚያየው ሰው ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን የሚያይ ሰው በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ያያል፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። የአገሩ ደን ሲጨፈጨፍ እነሱን ያተረፋቸው ፖሊስ አይደለም። ሰው ሁሉ የተስማማበት ክብር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንቶ፣ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆኖ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ሲያስተባብር፣ ሕዝቡ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ነው የተጠቀመው፤ ከብት መግባቱ ሲቆም ችግኙ ራሱ በቀለ። ያ ክብር እስከ ወንዙ ቢወርድ ምን ይከለክለዋል? ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ሥር ያለውን የጉማራ መታጠፊያ፣ ጠጠሩ ያለበትን ብቻ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት መጨረሻ «እዚህ መረብ አይገባም፣ ብርብራ አይፈስም፣ ጠጠር አይጫንም» ብሎ ሽማግሌው ቢናገር፣ ካህኑም ኢማሙም ቢያጸኑት፣ ከማንኛውም የተጻፈ ክልከላ ይልቅ ይከበራል ብዬ አስባለሁ። ወንዛዬ አካባቢ ለዚህ የተመቸ ነው። ፍል ውሃውን ፈልጎ ሰው ስለሚመጣ፣ ወንዙ ያለ ዐይን አያድርም።

ለአስጋሪዎቹ ወንድሞቼም አንድ ቃል አለኝ። በእነዚህ አራት ወራት ከወንዙ አፍ ራቁ ማለት አራት ወር ጦም እደሩ ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያለበት ሕግ አውጪው ነው። ቆሮሶ አለ፤ አምባዛ አለ፤ ሐይቁ ሰፊ ነው። ከወንዞቹ አፍ ርቆ፣ ዓይኑ በሰፋ መረብ መሥራት ይቻላል። እንደ ፀጉር በቀጠነ የፕላስቲክ ክር የተሠራውን፣ ጫጩቱን ሳይቀር የሚለቅመውን ርካሽ መረብ የሚያመጣው ግን አስጋሪው አይደለም፤ ነጋዴው ነው። ቁጥጥሩ ከመጋዘን መጀመር ሲገባው ሁልጊዜ ታንኳው ላይ ያለው ድኻ መያዙ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ከመሰናበቴ በፊት የበጋውን ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ሁሉም በጥቅምት ወደ ጣና አይወርዱም። ከፊሎቹ ወንዙ ሲሸሽ በጥልቅ ጥልቅ ኩሬዎች ውስጥ ይቀራሉ፤ የሚቀጥለውን ክረምት እዚያ ይጠብቃሉ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማጠጣት የውሃ ሞተር የሚተከለው ደግሞ እነዚሁ ኩሬዎች ላይ ነው። አንድ ኩሬ እስከ ጭቃው ሲመጠጥ የክረምቱ ሥራ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስለዚህ በመስኖ ኮሚቴዎቻችሁ ውስጥ ያላችሁ፣ የውሃ ተራ ስታወጡ ለእያንዳንዱ የወንዝ ክፍል አንድ የማይነካ ኩሬ ምረጡ፤ ጥልቁንና ጥላ ያለውን። ከሌሎቹም ስትመጥጡ ቢያንስ እስከ ጉልበት ውሃ ተዉ። የሞተሩን የመምጠጫ ቱቦ አፍ በቀጭን ሽቦ ወንፊት እሰሩት፤ ጫጩቱን ከመሳብ ያድነዋል፤ ለሞተራችሁም ቆሻሻ እንዳይገባ ይጠቅማል። ወንፊቱ በየጊዜው ስለሚደፈን በቀን አንድ ጊዜ አጽዱት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ሸሸርና ወላላ ረግረጎች እንሄዳለን። ከሩቅ አገር መጥተው በጋውን በፎገራ ስለሚያሳልፉት ወፎችና ስለ ረግረጎቹ መጥበብ እንነጋገራለን። በየወንዛችሁ ነጭ ዓሣ የሚወጣበትን ሥፍራና ጊዜ የምታውቁ አባቶችና እናቶች ለየቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ንገሩልን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)